ክፍት ኮድ ገመናን ይከድናልን?
በጅማና በዙሪያዋ ባሉት የቡና ከተሞች ስላለው የኮምፒዩተር አያያዝ የቀረበ ሂስ

በኮምፒዩተር ፍቅር የተያዙ ጓደኞቻችን፥ በመኝታ ክፍልም ሆነ በኪቶ ፉርዲሳ ግቢ፥ አዘውትረው የሚናገሩት አንድ ሐሳብ አለ። ይኸውም «ኮዱ ለማንም ክፍት የሆነ ፕሮግራም የሚደብቀው ነገር ስለሌለው፥ በእርሱ የሚገለገል ሰው ገመናው የተጠበቀ ነው» የሚል ነው። ሐሳቡ ከንቱ አይደለም። የተዘጋው ፕሮግራም ውስጡ ምን እንደሚሠራ የሚያውቀው ሠሪው ብቻ ሲሆን፥ የተከፈተውን ግን ዕውቀቱ ያለው ሁሉ አንብቦ ሊመረምረው፥ ጉድለቱንም ሊያርመው ይችላል። ነገር ግን ሁለት የተለያዩ ጥያቄዎችን አንድ አድርጎ የሚያይ መስሎ ስለ ታየን፥ በአካባቢያችን ከሚታየው ነገር ጋራ እያስተያየን ልንተቸው ተነሣን። አንደኛው ጥያቄ ፕሮግራሙ እንዴት ይሠራል የሚለው ነው። ሁለተኛው ፕሮግራሙ የጻፈው መዝገብ በማን እጅ ይቀመጣል የሚለው ነው። የኮዱ መከፈት ለፊተኛው መልስ ይሰጣል፤ ለኋለኛው ግን አይሰጥም።

ለስሕተቱ ቋንቋችንም ሳያግዝ አልቀረም። ዋጋ የማይከፈልበትንም፥ ከሌላ ሰው ሥልጣን የወጣውንም በአንድነት «ነጻ» እንላቸዋለንና፥ ያለ ገንዘብ የተገኘ ፕሮግራም ሁሉ ነጻ የሚያወጣ ይመስለናል። (እንግሊዞችም በዚህ ረገድ ከእኛ አይሻሉም።)

ከመሣሪያው እንጀምር። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ በጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል፤ ዊንዶውስ 11 ደግሞ በአሮጌ ኮምፒዩተር ላይ የማይገኝ የደኅንነት ክፍል ስለሚጠይቅ፥ አገልግሎ የመጣ መሣሪያ የገዛ ተማሪ ሊኑክስ ሚንትን ወይም ኡቡንቱን ቢጭን የሚያስመሰግነው ነው። እስከ 2003 ዓ.ም. ድረስ የኡቡንቱ ሠሪዎች ሲዲውን ለጠየቃቸው ሁሉ ያለ ክፍያ በፖስታ ይልኩ ነበር። ዛሬ ከ2 ጊጋ ባይት በላይ የሆነውን ፋይል ማውረድ ለተማሪ ኪስ ስለሚከብድ፥ አንዱ ያወረደውን ሌላው በፍላሽ እየቀዳ ከጅማ ወደ አጋሮና ወደ ሊሙ ገነት ያደርሰዋል። ሠሪዎቹ ከፋይሉ ጋራ አንድ ረጅም የመመርመሪያ ቁጥር ያወጣሉ፤ በእጃችን ካለው ቅጂ የሚወጣው ቁጥር ከዚያ ጋራ አንድ ካልሆነ፥ ቅጂው ተበላሽቷል ወይም ተነካክቷል ማለት ነው። ስሌቱ ከጥቂት ደቂቃ አያልፍም። ግን ስንቶቻችን አድርገነዋል? ኮዱን ሺህ ሰው አነበበው ማለት በእኛ ፍላሽ ላይ ያለውን አነበበው ማለት አይደለም።

ይህ የፈሪ ወሬ እንዳይባል አንድ ነገር እናንሣ። በቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ የሚገኘው ሲቲዝን ላብ በኅዳር 2010 ዓ.ም. ባወጣው ጥናት፥ በውጭ አገር የሚኖሩ የኦሮሞ ተቃዋሚዎች ሳይበርቢት የተባለ የእስራኤል ኩባንያ በሠራው የስለላ ፕሮግራም እንደ ተጠመዱ ገልጿል፤ ሥራውንም የኢትዮጵያ መንግሥት ነው ብሎታል። ወጥመዱ የመጣው በኢሜይል ሲሆን፥ ቪዲዮውን ለማየት አዶቢ ፍላሽን አድሱ የሚል ነበረ። ሰዎቹ የተጠመዱት በማያውቁት ነገር ሳይሆን፥ ስሙን በሚያውቁትና በሚያምኑት ፕሮግራም ስም ነው።

በብዙው ሰው እጅ ያለው ግን ቴሌግራም ነው። የቡና ሰብሳቢው ዋጋ የሚጠይቀው፥ እኛም የትምህርት ማስታወሻ የምንለዋወጠው በእርሱ ነው። ጓደኞቻችን «ኮዱ ክፍት ነው» ሲሉ እውነታቸው ግማሽ ነው። በስልካችን ላይ ያለው ክፍል ኮዱ ታትሟል፤ መልእክቱ የሚቀመጥበት የሰርቨሩ ኮድ ግን አልታተመም። ተራው መልእክትና የቡድኑ ጨዋታ ሁሉ በኩባንያው ሰርቨር ይቀመጣል፤ ቁልፉም በኩባንያው እጅ ነው። ከላኪው ስልክ እስከ ተቀባዩ ስልክ ተቆልፎ የሚሄደው፥ ሁለት ሰዎች ምስጢራዊ የተባለውን ጨዋታ ለይተው ሲከፍቱ ብቻ ነው። ኮዱ የተዘጋው ዋትሳፕ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ የሁሉንም መልእክት እንዲህ አድርጎ ይቆልፋል። ኮዱንም ያሳተመ፥ መልእክቱንም ያለ ጥያቄ የሚቆልፍ ሲግናል አለ፤ ነገር ግን በጅማ ዘመዱን በሲግናል የሚያገኝ ስንት ሰው ይሆን? ጓደኞቻችን ወደ ተዘጋው ይመለሱ ማለታችን አይደለም፤ የተዘጋውን ማንም ሊመረምረው አይችልምና። የምንለው ሁለቱ ጥያቄዎች ለየብቻ ይመርመሩ ነው። አዲስ ስልክ ለገዛ ገበሬ የስልክ ቤቱ ልጅ አካውንት ሲከፍትለት፥ የይለፍ ቃሉንም ራሱ ሲያወጣለት፥ የትኛው ኮድ ክፍት እንደ ሆነ መከራከራችን ለገበሬው ምን ይጠቅመዋል? ልጁን አንወቅሰውም፤ የሚያግዝ ሌላ ሰው ስለሌለ ነው።

ከሁሉ ይልቅ ያሳሰበን የቡናው ማሳ ምዝገባ ነው። የአውሮፓ ኅብረት በ2015 ዓ.ም. ያወጣው ደንብ ቁጥር 2023/1115፥ ከታኅሣሥ 2013 ዓ.ም. በኋላ ደን ከተመነጠረበት መሬት የተገኘ ቡና ወደ ገበያው እንዳይገባ ይከለክላል። የሚጸናበት ቀን ቢገፋም ግዴታው አልቀረም። ቡናው የበቀለበት ማሳ ሥፍራ በኬክሮስና በኬንትሮስ፥ ከነጥብ በኋላ ቢያንስ በ6 አኃዝ መገለጽ አለበት። ከ4 ሄክታር የሚበልጥ ማሳ ዙሪያውን ይነሣል፤ ለሚያንሰው አንድ ነጥብ ይበቃዋል፤ የአካባቢያችን ገበሬ በብዛት ከዚህ በታች ነው። 6ኛው አኃዝ የሚለየው ርቀት 11 ሳንቲ ሜትር ያህል ነውና፥ አንዱን የቡና ግንድ ከጎረቤቱ ለይቶ ያሳያል። በጎማና በማና ብዙ ሰው ቡናውን ከቤቱ ጓሮ ስለሚተክል፥ የማሳው ነጥብ የቤቱም ነጥብ ይሆናል።

ለዚህ ዓይነት ሥራ የሚያገለግሉት ኦዲኬ፥ ኮቦቱልቦክስና ኪውጂአይኤስ ኮዳቸው ክፍት ነው፤ የፊተኞቹ ሁለቱ ኢንተርኔት በሌለበት መዝግበው ከተማ ሲደርሱ ስለሚልኩ ለገጠር ሥራ የተፈጠሩ ናቸው። እኛም ወደናቸዋል። ነገር ግን የገበሬው ስም፥ ስልክ ቁጥርና ማሳ የሚሄደው ሰርቨሩን ወዳቋቋመው ነው፤ ይህም ላኪው ነጋዴ ወይም ዩኒየኑ ወይም አንድ ፕሮጀክት ሊሆን ይችላል። ለምዝገባው ገንዘብ ያወጣ ነጋዴ መዝገቡን ለተፎካካሪው በደስታ ይሰጣል ብለን አናምንም። እንግዲህ ገበሬው በሚቀጥለው ዓመት የተሻለ ዋጋ ለሚሰጥ ሌላ ሰው ልሽጥ ቢል፥ የገዛ ማሳውን ነጥብ ከየት ያመጣዋል? በ2001 ዓ.ም. የቡና ግብይት ወደ ኢትዮጵያ ምርት ገበያ ሲገባ፥ ቡናው በደረጃ እየተቀላቀለ የገበሬው ስም ጠፋ ተብሎ ብዙ ተወቅሷል። አሁን ገበሬው በ11 ሳንቲ ሜትር ልክ ይታያል፤ መታየቱ ግን በሌላ ሰው ደብተር ላይ ነው።

ፋይዳም በሚዛኑ ከዚህ አይርቅም። በአዋጅ ቁጥር 1284/2015 የተመሠረተው መታወቂያ የሚሠራበት ሞሲፕ የተባለው ፕሮግራም በህንድ አገር በባንጋሎር የተጀመረ ሲሆን፥ ኮዱን ከመካከላችን የፈለገ ዛሬ ማታ ሊያነበው ይችላል። የአሥር ጣታችንን አሻራና የዓይናችንን ምስል ማን፥ መቼ እንደ ከፈተው ግን ከኮዱ አይነበብም። ይህን የሚመለከተው ሕግ ነው። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ሰው ስለ ራሱ የተያዘውን መዝገብ የማየትና የማሳረም መብት ይሰጠዋል፤ ቁጥጥሩንም ለኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ሰጥቷል። ስለ ክፍት ኮድ ሲነጋገሩ የሚያመሹ ጓደኞቻችን ይህን አዋጅ ሲያነሡ አለመስማታችን ያስገርመናል።

በሌላ ወገን «ክፉ ያልሠራ ምን ይፈራል» የሚሉ አሉ። ለእነዚህ መልሳችን አጭር ነው። በግንቦት 2004 ዓ.ም. ቶር የተባለው ክፍት ፕሮግራም በኢትዮጵያ እንደ ታገደ ሠሪዎቹ አስታውቀዋል። ዞን 9 በመባል የታወቁት ጸሐፊዎች በሚያዝያ 2006 ዓ.ም. ታስረው ሲከሰሱ፥ ክፍት ፕሮግራሞችን ለምስጢር መጠበቂያ በሚያስተምረው «ሴኪዩሪቲ ኢን ኤ ቦክስ» መሠልጠናቸው በክሱ ውስጥ ተጠቅሶ ነበር። ከታሰሩት የአንዳንዶቹ ክስ በሐምሌ 2007 ተቋረጠ፤ የቀሩትንም በጥቅምት 2008 ፍርድ ቤቱ ከሽብር ክስ ነጻ አላቸው። በመካከሉ ያለፈው ከአንድ ዓመት በላይ የሆነ እስራት ነው።

ለቡና ለቀማ ወራት ወደ ገጠር ለጥናት የሚወጡ ተማሪዎች ኦዲኬን ጭነው እንደሚሄዱ እናውቃለን፤ ይሂዱም። የምንጠይቃቸው ግን ቅጹን ሲሠሩ መዝገቡ የት እንደሚቀመጥ፥ ማን እንደሚያየው፥ መቼ እንደሚሰረዝ በመጀመሪያው ገጽ በአፋን ኦሮሞና በአማርኛ እንዲጽፉ፥ ለማያነበውም እንዲያነቡለት ነው። ነጥቡን ካነሡ በኋላም ቁጥሮቹን በወረቀት ጽፈው ለገበሬው ይስጡት። ሁለት ቁጥር በአንድ መስመር ያልቃል፤ በማኅበሩ ደብተር ጀርባ ላይም ቢሆን ሊጻፍ ይችላል።