«ክሎግ አፕ» እና «መደፈን»፦ የቃል ምርጫና የሕሙማን ግንዛቤ

በጤና ትምህርት ጽሑፎች ውስጥ ዘወትር ከሚያጋጥሙ አገላለጾች አንዱ «የደም ሥር ተደፈነ» የሚለው ነው። ይህም ብዙውን ጊዜ «ክሎግ አፕ» ለሚለው የእንግሊዝኛ ጥምር ግስ ፍቺ ሆኖ ይቀርባል። ፍቺው ቀላል ቢመስልም፣ ሕሙማን ስለ ሕመማቸው የሚኖራቸውን ግንዛቤ ስለሚወስን ሊመረመር ይገባዋል።

«ክሎግ» በመካከለኛው ዘመን እንግሊዝኛ የእንጨት ጉማጅ ማለት ነበር፤ እንስሳ ርቆ እንዳይሄድ በእግሩ የሚታሰረው ግንድም በዚሁ ስም ይጠራ ነበር። ቃሉ ከዚህ በመነሣት እንቅስቃሴን ማሰናከል፣ ቀጥሎም መተላለፊያን መድፈን የሚሉትን ትርጉሞች ያዘ። «አፕ» የሚለው ቅጥያ ደግሞ ድርጊቱ እስከ ፍጻሜው መድረሱን ያጠናክራል። ስለዚህ ግሱ ባንድ ጊዜ ሁለት ነገር ይናገራል፦ አንድ ነገር ቀስ በቀስ መከማቸቱንና በመጨረሻም ማለፊያ ማሳጣቱን።

አማርኛም በዚህ ረገድ የቃል ድህነት የለበትም። በር ይዘጋል፤ ቀዳዳ ይደፈናል፤ የጠርሙስ አፍ ይወተፋል፤ አፍንጫ ይታፈናል፤ የመስኖ ቦይ በደለል ይሞላል። ይህን ሁሉ ትቶ «ተዘጋ» በሚለው ብቻ መገልገል በሥራ ላይም ችግር ያስከትላል። በተረኞች ርክክብ ጊዜ የሽንት ቱቦ «ተዘጋ» ቢባል፣ ቱቦው መታጠፉ ነው ወይስ በረጋ ደም መደፈኑ? የመጀመሪያው ቱቦውን በማቃናት ይፈታል፤ ሁለተኛው ግን ማጠብን ወይም መለወጥን ሊጠይቅ ይችላል።

ይሁን እንጂ የደም ሥርን በሚመለከት ዋናው ስሕተት ከአማርኛው ፍቺ ሳይሆን ከእንግሊዝኛው ምስል የመነጨ ነው። «ክሎግ አፕ» የደም ሥርን እንደ ውኃ ቧንቧ፣ ቅባትን እንደ ቆሻሻ ያስቆጥራል። በእውነቱ ግን ቅባቱ የሚከማቸው በግድግዳው ውስጥ ሲሆን፣ ብግነትም አብሮት አለ። የክምችቱ ሽፋን ሲቀደድ በላዩ ደም ይረጋል፤ መተላለፊያውም በደቂቃዎች ውስጥ ሊዘጋ ይችላል። ይህም እጅግ ባልጠበበ ቦታ ላይ ጭምር ይደርሳል። እ.ኤ.አ. በ1980 ዴዉድና ባልደረቦቹ ባሳተሙት ጥናት፣ የልብ ጡንቻ መሞት ምልክት በጀመረ በ4 ሰዓት ውስጥ ከተመረመሩት 126 ሕሙማን መካከል በ110ሩ (87 በመቶ) የደም ሥሩ ሙሉ በሙሉ ተዘግቶ ተገኝቷል፤ ከ12 እስከ 24 ሰዓት ባለው ጊዜ በተመረመሩት ላይ ግን መጠኑ ወደ 65 በመቶ ዝቅ ብሏል። ቆሻሻ የሞላው ቧንቧ በራሱ አይከፈትም፤ የረጋ ደም ግን በራሱ ሊሟሟ ይችላል።

የቧንቧው ምስል ጉዳቱ በሕሙማን ላይ ይታያል። የደም ሥሩ በሽቦ መደገፊያ የተከፈተለት ሰው «ቧንቧው ተጠርጓል» ብሎ ካመነ፣ ደም እንዳይረጋ የሚከላከለውን መድኃኒት ለማቋረጥ ይደፍራል፤ ይህም በመደገፊያው ውስጥ ደም እንዲረጋ በማድረግ ለሞት ሊዳርገው ይችላል። ቅባት የሚቀንሰው ክኒን ክምችቱን እንደሚያረጋጋ ያልተነገረውም ሕመም በማይሰማው ወቅት ለምን እንደሚውጠው አይገባውም። መደፈን የዓመታት ሥራ ብቻ የሚመስለው ደግሞ ድንገተኛ የደረት ሕመም ሲይዘው «እስኪነጋ ልታገሥ» ይላል።

እንግዲህ «መደፈን» የሚለው ቃል ከአገልግሎት ይውጣ ማለት አይደለም፤ ለቱቦና ለጆሮ ኩክ ተገቢ ነው። ለልብ የደም ሥር ግን ሁለቱን ደረጃዎች ለይቶ መናገር ይበጃል፦ «በደም ሥሩ ግድግዳ ውስጥ ለዓመታት ቅባት ተከማችቷል፤ ክምችቱ ሲቀደድ ደም ይረጋበትና መንገዱን በድንገት ይዘጋዋል።» ንግግሩ ከአንድ ቃል ይረዝማል፤ ሆኖም መድኃኒቱ ለምን እንደማይቋረጥና ሕመም ሲጀምር ለምን መቸኮል እንደሚገባ ባንድነት ያስረዳል።