ጨዋታው ያለቀው ለማን ነው?

በእኛ ጎፋ የልጆች ኳስ ሕግ አለው፤ የትም አልተጻፈም እንጂ። በረኛ የሚሆነው ወይ ከሁሉም ትንሹ ነው፣ ወይ ለሰፈሩ አዲስ የሆነው፣ ወይ ደግሞ ጫማው የተቀደደበት። ሁለት ድንጋይ ይቀመጣል፤ መሐላቸው አንድ ያኮረፈ ልጅ ይቆማል። «ሁለት ሲገባብህ ትወጣለህ» ብለው ያባብሉታል። ሁለት ይገባል፣ ሦስት ይገባል፣ የሚያስወጣው የለም። ከጎፋ ገብርኤል ወደ ቤቴ ስመለስ ቆም ብዬ እነዚህን ልጆች ማየት ልማዴ ነው። ሌላው ሰው ጎል አግቢውን ያያል፤ እኔ ድንጋዩ መሐል ያለውን ነው የማየው። በልጅነቴ እኔም እዚያ ቆሜ ነበርና።

ባለፈው ገና የእህቴ ልጅ ከአሜሪካ መጥቶ ነበር። ቨርጂኒያ ነው ያደገው። አማርኛው ደህና ነው፤ ኳሱ ግን የእኛ ኳስ አይደለም፣ ቤዝቦል ነው። አንድ ማታ ስልኩን ይዞ አጠገቤ ተቀመጠና «ጋሼ፣ ይቺን ይመልከቱልኝማ» አለኝ። የተቀዳ ጨዋታ ነው። አንድ ፈርጠም ያለ ሰው ሜዳው መሐል ቆሞ ኳሷን ለሕፃን እንደሚያቀብል ሰው ቀስ አድርጎ ይወረውራል፤ ባለዱላው ይመታታል፤ ተመልካቹ ይስቃል። የእህቴ ልጅም ይንከተከታል።

«ምኑ ነው የሚያስቀው?» አልኩት።

«ጋሼ፣ ሰውዬው ወርዋሪ አይደለም እኮ! ጨዋታው ስላለቀ ነው ያቆሙት።»

«ካለቀ ለምን ይጫወታሉ?»

ልጁ ዝም አለ። እኔም ይኸው ከዚያን ቀን ጀምሮ ነገሩ ከአእምሮዬ አልወጣ ብሎኛል።

ቤዝቦልን ለማያውቅ አንባቢ በአጭሩ ላስረዳ። ከገና ጨዋታችን ጋር የሚያመሳስለው ዱላና ኳስ መኖሩ ብቻ ነው። አንዱ ቡድን ይወረውራል፣ ሌላው በዱላ ይመታል፤ ከዚያ ይቀያየራሉ። የጨዋታው ልብ ወርዋሪው ነው። ኳሷን በሰዓት 150 ኪሎ ሜትር ገደማ ያስወነጭፋታል። ይህ ሥራ ክንድ ይበላል፤ ትናንት ብዙ የወረወረ ሰው ዛሬ ማረፍ አለበት። አንድ ቡድን ከ26 ተጫዋቾቹ መሐል መያዝ የሚፈቀድለት ወርዋሪ ከ13 አይበልጥም፤ ጨዋታው ደግሞ በዓመት 162 ነው፣ በየቀኑ ማለት ይቻላል። ዋናው ጣጣ ግን ሌላ ነው። ቤዝቦል 90 ደቂቃ ሲሞላ ዳኛው ፊሽካ ነፍቶ የሚገላግልህ ጨዋታ አይደለም። ዘጠኝ ዙር አለው፤ በየዙሩ ከተጋጣሚ ሦስት ሰው ማስወጣት ግዴታ ነው። 15 ለ 1 እየተመራህም ቢሆን አንድ ሰው ቆሞ መወርወር አለበት። ሰዓት መግደል የለም፤ ሜዳ ላይ ተንጋሎ «ወገቤን» ማለት የለም።

እንግዲህ አሠልጣኙ ያሰላል። «ዛሬ ሞተናል። የነገውን ክንድ ዛሬ ለምን ላባክን?» ይላል። ከዚያ ዳር ላይ ኳስ በመቅለብ ወይም በመምታት የሚታወቀውን አንዱን ይጠራና «ሂድ፣ አንተ ወርውር» ይለዋል። ሰውዬው ይሄዳል። ተመልካቹ ይስቃል። ጨዋታው እንደ ምንም ይጠናቀቃል።

ስሌቱን አልንቀውም። ያለውን ቆጥቦ ለነገ የሚያኖር ሰው በእኛም አገር የተመሰገነ ነው። ግን «ጨዋታው አልቋል» የሚለው ቃል ከማን አፍ እንደሚወጣ እናስተውል። የሚለው አሠልጣኙ ነው። ቲኬት ቆርጦ፣ ልጁን በትከሻው ተሸክሞ የመጣው ተመልካች አላለም። ለእሱ በዓመት ውስጥ የሚያያት ጨዋታ ይቺው አንዷ ልትሆን ትችላለች። እንዲወረውር የታዘዘው ሰውም ክንዱ የራሱ ነው። ሆሴ ካንሴኮ የተባለው ዝነኛ መቺ በቴክሳስ ሬንጀርስ ሳለ እ.ኤ.አ. በ1993 ቡድኑ ቦስተን ላይ በሰፊ ልዩነት ሲሸነፍ ወርዋሪ ሆኖ ቆመ። ክርኑ ተጎዳ፤ ኋላም ቀዶ ሕክምና አስፈለገው። ለአሠልጣኙ ያለቀው ጨዋታ ለካንሴኮ ክርን ገና መጀመሩ ነበር።

እዚህ ላይ «ምነው፣ የእኛስ ልጅ በረኛ ሆኖ አልቆመም?» የሚል አንባቢ እንደሚኖር አውቃለሁ። ቆሟል እንጂ! ጥር 21 ቀን 2005 ዓ.ም.፣ የአስተርዮ ማርያም ዕለት ማታ፣ ደቡብ አፍሪካ፣ ሩስተንበርግ። ከ31 ዓመት በኋላ ለአፍሪካ ዋንጫ የበቃው የሰውነት ቢሻው ቡድን ከናይጄሪያ ጋር የምድቡን የመጨረሻ ጨዋታ ያደርጋል። ቪክቶር ሞሰስ በፍጹም ቅጣት ምት አንድ አግብቷል። ጨዋታው ሊያልቅ ሲል በረኛው ሲሳይ ባንጫ ያንኑ ሞሰስን ጠልፎ ጣለና ሁለተኛ ቢጫ አይቶ ወጣ። ሌላ ፍጹም ቅጣት ምት። በዚያን ጊዜ የሚፈቀደው ቅያሪ ሦስት ብቻ ነበር፤ ሦስቱም አልቀዋል። አማካዩ አዲስ ህንጻ የበረኛ ማሊያ ለበሰና መስመሩ ላይ ቆመ። ሞሰስ መታ፤ ገባ፤ 2 ለ 0።

ያን ማታ በየቤቱና በየቡና ቤቱ የነበርን ሁሉ አዲስ ህንጻን አይተን አልሳቅንም። ለምን? በጎል ልዩነት ካየነው የእኛም ጨዋታ ያለቀ ነበር። ምድቡን በአንድ ነጥብ በመጨረሻ ደረጃ ነው የጨረስነው፤ ናይጄሪያ ቀጥላ ዋንጫውን ወስዳለች። ግን አዲስ እዚያ የቆመው ሌላ ሰው ስላልነበረ ነው። ከወንበር ላይ የሚያርፍ፣ ለነገ የተቀመጠ በረኛ አላስቀረንበትም። ያለን ሰው እሱ ነበር፤ ሄዶ ቆመ። እንዲህ ያለውን ሰው መሳቂያ የሚያደርግ ጤነኛ ተመልካች የለም።

ሰው ከቦታው ውጭ መጫወቱም በራሱ ነውር አይደለም። በዚያው ውድድር፣ በዚያው ምድብ፣ የዛምቢያው በረኛ ኬኔዲ ምዌኔ ናይጄሪያ ላይ ፍጹም ቅጣት ምት መትቶ አግብቶ ቡድኑን አቻ አድርጓል። በረኛ ጎል አገባ! መምታት ስለሚችል ነው የመታው። አሜሪካም ቢሆን እ.ኤ.አ. በ2000 ብሬንት ሜይን የተባለ የኮሎራዶ ሮኪስ ኳስ ቀላቢ፣ ጨዋታው እኩል ሆኖ 12ኛው ዙር ላይ ሲደርስና ወርዋሪ ሲጠፋ፣ እሱ ወርውሮ አሸናፊ ሆኖ ወጥቷል። ሁለቱም ጊዜ ቡድኑ ለማሸነፍ ያለውን ሁሉ አውጥቷል።

ስለዚህ የእኔ መለኪያ አንዲት ጥያቄ ናት፦ ይህን ሰው እዚህ ያቆምነው ሌላ አጥተን ነው ወይስ ዋናውን ሰው ለምናከብረው ቀን አስቀምጠን? በመጀመሪያው ምስጋና ይገባል። በሁለተኛው ግን የዛሬውን ተመልካች «አንተ ከነገው ታንሳለህ» እያልነው ነው። የቲኬቱ ዋጋ ግን አንድ ነው።

ሌላውን ከመውቀሴ በፊት የራሴን ልናገር። ዩኒቨርሲቲ ሥነ ጽሑፍ አስተምር በነበረበት ዘመን፣ ስሙን በማልጠራው ተቋም፣ የማታ ተማሪዎችን ሎጂክ የሚያስተምረው መምህር በሴሚስተሩ መሐል ትቶ ሄደ። ትምህርቱን ጠንቅቀው የሚያውቁ ሁለት ሰዎች በግቢው ነበሩ፤ ለቀን ተማሪዎች ተመድበዋልና «እነሱን ማድከም አይገባም» ተባለ። አለቃዬ ጠራኝ። «የማታዎቹ ናቸው፤ እስከ ፈተና ለማድረስ ያህል ነው። ምን ችግር አለው?» አለኝ። እኔ ሎጂክ የማውቀው በተማሪነቴ ወስጄው በማለፌ ብቻ ነው። የትርፍ ሰዓት ክፍያው ግን ያኔ ለእኔ ቀላል ገንዘብ አልነበረም። እሺ አልኩ።

ምን አለፋችሁ፣ ከተማሪዎቼ በሁለት ምዕራፍ ቀድሜ እያነበብኩ ገባሁ። ከበድ ያለው ምዕራፍ ሲመጣ ዘልዬ አለፍኩት። ተማሪው ሲጠይቀኝ ቀልድ ነገርኩት። ፈተና ሲደርስ ደግሞ ያቺን የቤዝቦል ኳስ ወረወርኩ፤ ቀስ ያለች፣ ማንም የሚመታት። ኤ እንደ ጉድ ወረደ። ክፍሉ ተደሰተ፣ አለቃዬ ተደሰተ፣ እኔም ክፍያዬን ተቀበልኩ።

ከተማሪዎቹ አንዷ ነርስ ነበረች፤ በዕድሜ ከእኔ ትበልጣለች። ከሥራ በቀጥታ እየመጣች፣ አንዳንዴ ነጩን ጋውን ሳታወልቅ፣ ከፊት ወንበር ትቀመጥ ነበር። ውጤት በተለጠፈ ዕለት ደረጃው ላይ ጠበቀችኝ። ልታመሰግነኝ መስሎኝ ነበር።

«መምህር፣ ይህን ፈተና ለቀኖቹም ሰጥተዋቸዋል?» አለችኝ።

«የእነሱ መምህር ሌላ ነው» አልኳት።

«እሱማ ሌላ ነው» አለችና ደረጃውን ወርዳ ሄደች።

ኤ አግኝታ ነበር። ከደሞዟ ቆጥባ የከፈለችበት ትምህርት ነው። የቀኖቹ ተማሪዎች አብዛኞቹ ያን ያህል ከኪሳቸው አላወጡም። ዱላውን ይዞ የሚቆም ሰው የኳሷን ክብደት ያውቃል፤ ለስላሳ ኳስ መትቶ ሰማይ ቢያደርሳትም እንኳ እንደናቁት አይጠፋውም። እኔ ግን ሁሉም የተደሰተ መስሎኝ ነበር።

እስቲ አሁን ዙሪያችሁን ተመልከቱ። የሳምንቱ መጨረሻ ፔሬድ ላይ የስፖርት መምህር አማርኛ እንዲያስተምር የሚላክበት ክፍል የትኛው ነው? ጎበዞቹ ያሉበት ነው ወይስ «እነሱ እንኳ አይረቡም» የተባሉት? ጉዳይህን ይዘህ መሥሪያ ቤት ስትሄድ፣ ዋናው ሠራተኛ ለትልልቅ ባለጉዳይ ተቀምጦ አንተን ነገሩን የማያውቀው ተለማማጅ «ነገ ተመለሱ» የሚልህ ለምንድን ነው? ሐኪም በሌለበት ገጠር ሌሊቱን ሙሉ የሐኪሙን ሥራ የምትሠራውን ነርስ ግን ከዚህ ጋር እንዳትደባልቁብኝ። እሷ አዲስ ህንጻ ናት፤ ማሊያውን ለብሳ መስመሩ ላይ ቆማለች።

አሜሪካኖቹ አንድ ነገር አድርገዋል፣ ላመስግናቸው። ልማዱ ሲበዛና ሳቁ ሲሰለች ሕግ አወጡለት። እ.ኤ.አ. ከ2023 ጀምሮ ወርዋሪ ያልሆነ ሰው እንዲወረውር የሚፈቀደው ቡድኑ ቢያንስ በስምንት ነጥብ ሲመራ፣ ወይም ራሱ በመጨረሻው ዙር በአሥርና ከዚያ በላይ እየመራ ሲሆን፣ ወይም ጨዋታው ወደ ተጨማሪ ዙር ሲገባ ነው። ከዚያ በፊት ወሰኑ ስድስት ነበር። በአገሮች መካከል በሚደረገው የዓለም ቤዝቦል ውድድር ደግሞ ልዩነቱ ከሰባት ዙር በኋላ አሥር ከደረሰ ጨዋታው በዚያው ያበቃል፤ ተጨባብጦ ወደ ቤት ነው። ይኸኛው ለእኔ ይበልጥ ሐቀኛ ነው። ካለቀ አለቀ ማለት ነው።

የስምንቱን ቁጥር ትልቅነት ልብ በሉልኝ። ተስፋ መቁረጥ በቁጥር ተወስኗል። አሠልጣኙ በሰባት ልዩነት ቢደክመውም፣ ቢሰለቸውም፣ እውነተኛ ወርዋሪ ማቆም ግዴታው ነው። ተመልካቹም ቁጥሩን ያውቃል፤ ሲጣስ መጮህ ይችላል። የእኛ ችግር ቁጥር የለንም። አንድ ክፍል፣ አንድ ሰፈር፣ አንድ ባለጉዳይ በስንት ሲመራ ነው ተስፋ የምንቆርጥበት? አለቃዬ ያን ቀን «የማታዎቹ ናቸው» ሲለኝ ልዩነቱ ስንት ለስንት ነበር? ጨዋታው ገና እኩል ነበር እኮ! እነዚያ ተማሪዎች አንድም ነገር አልተሸነፉም። አመሻሽተው መምጣታቸው ብቻ ነው ጥፋታቸው።

ስለዚህ በየመሥሪያ ቤቱና በየትምህርት ቤቱ ሰው የሚመድቡ ሁሉ ስምንታቸውን በግልጽ ጽፈው ግድግዳ ላይ ይለጥፉልን። «ከዚህ በታች ዋናውን ሰው እናቆማለን፤ ከዚህ በላይ ያገኘነውን» ይበሉን። ለመጻፍ የሚያፍሩበት ከሆነ፣ ለማድረግም ይፈሩት።

ባለፈው እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ ልጆቹ እንደተለመደው ይጫወታሉ። ድንጋዩ መሐል አንድ የማላውቀው ትንሽ ልጅ ቆሟል፤ ጉልበቱ አቧራ ለብሷል።

«ስንት ለስንት ናችሁ?» አልኳቸው።

«ሰባት ለባዶ!» አሉኝ ትልልቆቹ።

«ስድስት ነው!» ብሎ ጮኸ በረኛው። «አንዷ ከድንጋዩ ውጭ ናት! ጋሼ፣ ይምጡና ይዩ፣ ምልክቷ እዚህ አለ!»

ሄጄ አየሁ። ውጭ ናት።