ስም የለሹ ጽዋ

ስለ ሸክላ ሥራ ከተጻፉት መጻሕፍት መካከል የእኔን ጓሮ ያመሰቃቀሉት ሁለት ናቸው። አንደኛው እንግሊዛዊው ሸክላ ሠሪ በርናርድ ሊች እ.ኤ.አ. በ1940 ያሳተመው «የሸክላ ሠሪ መጽሐፍ» ነው። ሁለተኛው የጃፓናዊው የያናጊ ሶኤትሱ የድርሰቶች ስብስብ ሲሆን፣ ያው ሊች አሰናድቶት በ1972 በእንግሊዝኛ ታትሟል፤ ርዕሱን ለጊዜው «ስም የለሹ ባለእጅ» ብለን እንመልሰው። ሁለቱ ሰዎች የረጅም ዘመን ወዳጆች ነበሩ። እኔ ግን መጻሕፍቱን ጎን ለጎን ዘርግቼ በቤቴ የሻይ ጽዋ መሥራት ከያዝኩ ወዲህ፣ አንዱ የካበውን ሌላው ሲንደው እየታየኝ መጥቷል።

በያናጊ መጽሐፍ ውስጥ ስሙ የገነነው ድርሰት ስለ አንድ ጽዋ የተጻፈው ነው። ጽዋው ኪዛኤሞን ይባላል። በ16ኛው ክፍለ ዘመን ኮሪያ ውስጥ ተሠርቶ ባሕር ተሻግሮ ጃፓን የገባ፣ የሻይ ሥነ ሥርዓት ጠበብት ከሁሉ በላይ የሚያዩት፣ በኪዮቶ በዳይቶኩጂ ገዳም ሥር ባለችው በኮሆአን የሚጠበቅ ብሔራዊ ቅርስ ነው። ያናጊ በ1931 ሣጥን በሣጥን ውስጥ ተከፍቶለት ሲያየው የደነቀው በተራነቱ ነው። ይህ የድሃ ሰው መመገቢያ ነው ይለናል፤ ሠሪው ስለ ውበት አላሰበም፣ ስሙንም አላኖረበትም፣ ውበቱ የመጣውም ካለማሰቡ ነው። (ጽዋው በርግጥ የድሃ ሳህን ነበር ወይ የሚለው ነገር ሊቃውንቱን ዛሬም ያከራክራል።) ጽሑፉ ያምራል። ጥያቄዬ ጭቃ የነካ ሰው ይህን ሊያምን ይችላል ወይ የሚል ነው።

እስቲ ጭቃውን እንያዘው። በቤት ለሚሞክር ሰው የሚቀርበው መንገድ ራኩ ነው። በ1589 የሞተው ቾጂሮ፣ በሻይ ሊቁ በሴን ኖ ሪኪዩ አሳሳቢነት፣ ያለ መንኮራኩር በእጁ ብቻ ጽዋ ያበጅ ነበር። ሊችም ቢሆን ሸክላ ሠሪ የሆነው በ1911 ቶኪዮ ውስጥ በአንድ የራኩ ግብዣ ላይ ተገኝቶ፣ የቀባው ዕቃ እዚያው ፊቱ ከእሳት ሲወጣ ካየ በኋላ ነው። ጭቃው ታሽቶ አየሩ ይወጣል፤ ጎድጎድ ተደርጎ በጣት ይሳሳል፤ ጠፈፍ ሲል ተገልብጦ እግሩ ይፋቃል። ሲደርቅና ሲጠበስ አንድ አሥረኛው ያህል ስለሚኮማተር፣ ለሁለት እጅ የሚበቃ ጽዋ የሚሻ ሰው ጭቃውን ሰፋ አድርጎ ይጀምራል። የመጀመሪያው እሳት ያለ ቅብ ነው፤ በ573 ዲግሪ ላይ በጭቃው ውስጥ ያለው ኳርትዝ ድንገት ስለሚሰፋ እዚያ ላይ መቸኮል አይገባም።

ዋናው ጉድ ያለው ግን ቅቡ ላይ ነው። ሸክላውን መስታወት የሚያለብሰው ይህ ቅብ፣ ባለሙያዎቹ ግሌዝ የሚሉት፣ በመሠረቱ የሦስት ነገር ድብልቅ ነው። መስታወት የሚሆነው ሲሊካ ነው፤ ብቻውን ለመቅለጥ ግን 1700 ዲግሪ ያህል ስለሚፈልግ የማንም ሰው የጓሮ ምድጃ አይደርስበትም። ስለዚህ ቶሎ የሚያቀልጠው ነገር ይጨመርበታል፤ ለብርቱ እሳት አመድ፣ ለለዘብተኛው ቦራክስ ወይም እርሳስ። ቀልጦ ቁልቁል እንዳይወርድ ደግሞ ጥቂት ነጭ ሸክላ አፈር ይይዘዋል። ሊች ለራኩ የሚሰጠው ቅመም እርሳስ ያለበት ነውና በዚህ በኩል መጽሐፉ አርጅቷል፤ ከንፈር ለሚነካው ዕቃ መርዝ አይቀባም። እኔ የምጠቀመው ቦራክስ ያለበት፣ አስቀድሞ ቀልጦ የተፈጨ ዱቄት ነው። ምድጃው ወደ 1000 ዲግሪ ሲጠጋ ቅቡ ውኃ እንደ ነካው ነገር ይብለጨለጫል፤ ያን ጊዜ ጽዋው በጉጠት ይወጣል። ጥቂት ቀድሞ ቢወጣ ይሻክራል፤ ቢዘገይ እግሩ ሥር ይጠራቀማል።

አሁን ወደ ኪዛኤሞን እንመለስ። በእግሩ ዙሪያ ቅቡ ተሰብስቦ እንደ ጤዛ አቁሯል። ጃፓኖች ካይራጊ የሚሉት ይህ ነገር የሚመጣው ሻክሮ በተፋቀ ጭቃ ላይ ቅቡ ወፍሮ ተቀምጦ፣ እሳቱም ሙሉ በሙሉ ሳያቀልጠው ሲቀር ነው። ፋብሪካ ቢሆን ዕቃውን ይጥለዋል። ጭቃው ምን ያህል ሲጠፍ ይፋቅ፣ ቅቡ ምን ያህል ይወፍር፣ እሳቱ መቼ ይብቃ የሚለውን ግን የሚወስን ሰው ነበረ። ሺህ ጊዜ ወስኖት እጁ ለምዶት ይሆናል። የለመደ እጅ አያስብም ማለት ግን፣ የቅኔ መምህር ቅኔ ሲቀናው አያስብም እንደማለት ነው።

አፈሩን የማመጣው ከቀጨኔ ነው። የሚሸጡልኝ እናት ጀበና ይሠራሉ፤ እሳቸውም እንደ ቾጂሮ መንኮራኩር አያውቁም። አንዱን ጽዋ ባሳየኋቸው ቀን በጣታቸው ኳ አድርገው ድምፁን አዳመጡ፤ በአውራ ጣታቸው ከንፈሩን ዞሩት፤ ገለበጡት። «ልጄ፣ ጆሮ የለውም እኮ! ትኩሱን በምን ልትይዘው ነው?» አሉኝ። የራኩ ጭቃ ወፍራምና አየር የቋጠረ ስለሆነ ሙቀቱን ቶሎ እንደማያሳልፍ፣ በሁለት እጅም እንደሚያዝ ነገርኳቸው። አሰብ አደረጉና «ሆዱ ጥሩ ነው፤ ከንፈሩ ግን ሰው አይጋብዝም» አሉ። ሂስ ይሏል ይህ ነው። የእሳቸው ጀበና ቂጥ ላይ ግን ስማቸው የለም። ስለ ውበት ስለማያስቡ ይሆን?

«ኪዛኤሞን» ራሱ የማን ስም ይመስላችኋል? የአንድ የኦሳካ ነጋዴ ነው። ጽዋው ስም የለሽ አይደለም፤ የባለቤቱን ስም ተሸክሟል፤ የጎደለው የሠሪው ነው። ሠሪው ስሙን የተወው ከትሕትና ነው ለማለት፣ ስምህ ማን ነው ያለው ሰው ነበር ወይ ብሎ መጠየቅ ይቀድማል። ሪኪዩ አጠገቡ የነበረው ቾጂሮ ስሙ ቀርቷል፤ በዚህም ጥቁር ጽዋዎቹ አልከፉም። የጃፓን ጦር ከ1592 እስከ 1598 ኮሪያን ሲወጋ መሳፍንቱ ሸክላ ሠሪዎችን ማርከው ወሰዱ፤ በ1616 በአሪታ የፖርሴሊን አፈር አገኘ የሚባለው ዪ ሳምፕዮንግም ከእነሱ አንዱ ነው። እነዚያ መሳፍንት የማያስብ እጅ ፈልገው ያን ያህል የደከሙ አይመስለኝም።

ያናጊን ግን በዚህ ብቻ መፍረድ አይገባም። ኮሪያ በጃፓን ቅኝ አገዛዝ ሥር ሳለች፣ በ1922፣ የሴውል ቤተ መንግሥት በር እንዳይፈርስ በገዛ መንግሥቱ ላይ ጽፏል፤ በ1924ም በዚያው ከተማ ለኮሪያ ባለሙያዎች ሥራ ቤተ መዘክር ከፍቷል። ማንም ዞር ብሎ የማያየውን ዕቃ እንድናይ ያስተማረን እሱ ነው። ዓይኑን እቀበላለሁ፤ ስም የለሽነትን ጸጋ ያደረገውን ትምህርቱን ግን አልቀበልም። ያናጊ ሊያከብር ለጻፈው ቃል እኛ ያለን «ባለእጅ» ነው፤ ይህም ቃል በእኛ አገር «ቡዳ» ከሚለው ጋር ተቆራኝቶ የኖረ፣ አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለሙያን በሙያው መስደብ ይቅር ብለው አዋጅ እስኪያስነግሩ ያደረሰ ነው። መጽሐፉን ወደ አማርኛ የሚመልስ ሰው ከተገኘ፣ ገና ከርዕሱ ሳያልፍ ብዙ ሌሊት የሚያድር ይመስለኛል።