ከአዳማ እስከ ኦክላሆማ፦ የኬቲ ኬራነን የከርሰ ምድር ምስሎች ሲመዘኑ

በ2025 መጀመሪያ ላይ አዲስ አበባ ፎቅ ቤት የሚኖር ሰው ሌሊት አልጋው ሲወዛወዝ የነቃበት ቀን አይጠፋም። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።) ምንጩ በፈንታሌና በዶፈን መካከል ያለው የስምጥ ሸለቆ ክፍል ነበር። እዚያ ማግማ ከሥር እየገፋ ዓለቱን ሰንጥቆ ሲገባ ምድሪቱ ለወራት ስትንቀጠቀጥ ከረመች፤ በአስር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎችም ከቀያቸው ተነሡ። በዚያ ሰሞን “ቀድሞ የሚታወቅ ነገር አልነበረም ወይ?” የሚለውን ጥያቄ ያልሰማ የለም። የሚታወቅ ነገርማ ነበር። ከሃያ ዓመት በፊት የታተመ አንድ ምስል አለ፤ ስለዚያ ምስልና ከኋላው ስላሉት ተመራማሪ ሥራ ነው ዛሬ ማውራት የፈለግኩት።

ምስሉን በ2004 “ጂኦሎጂ” በተባለው መጽሔት ላይ ያወጡት ኬቲ ኬራነንና ባልደረቦቻቸው ናቸው። ኬራነን ያኔ ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ተማሪ ነበሩ። ሥራው “ኢግል” የሚባለው ዓለም አቀፍ ፕሮጀክት አካል ሲሆን የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም ተሳትፎበታል። በጃንዋሪ 2003 ወደ 1,000 የሚጠጉ ሴይስሞሜትሮች በሸለቆውና በግራ ቀኙ ደጋ ላይ ተተከሉ፤ ከዚያም በተመረጡ ቦታዎች ፈንጂ ተቀብሮ ፈነዳ።

ዘዴው ለመረዳት ከባድ አይደለም። እናቶቻችን ጋኑ ሙሉ ይሁን ጎዶሎ ለማወቅ መታ መታ አድርገው ድምፁን ያዳምጣሉ። እዚህም የሚመታው ምድሪቱ ነች። ሞገዱ ተነሥቶ እያንዳንዱ መሣሪያ ጋ ለመድረስ ስንት ሰከንድ እንደፈጀበት ይለካል። ጥቅጥቅ ባለ ዓለት ውስጥ ይፈጥናል፣ ሞቆ በላላው ውስጥ ይዘገያል። በሺዎች የሚቆጠሩ መንገዶች ከተለያየ አቅጣጫ ሲቆራረጡ፣ የትኛው ቦታ እንደሚያፈጥንና የትኛው እንደሚያዘገይ በስሌት ይለያል። ሴይስሚክ ምስል የምንለው ይህንን ነው።

ኬራነን ያገኙት ነገር በጊዜው ያስደነቀ ነበር። ከሸለቆው ወለል በታች፣ ሞገድ የሚፈጥንባቸው ረዣዥም አካላት ታዩ፤ እያንዳንዳቸው 20 ኪሎ ሜትር ስፋትና 50 ኪሎ ሜትር ርዝመት ያላቸው። አንዱ ከሌላው የተነጠለ ነው፤ ቀጣዩ ሁልጊዜ ትንሽ ወደ ቀኝ ፈንጠር ይላል። አሰላለፋቸው ደግሞ ከላይ ከምናያቸው ወጣት እሳተ ገሞራዎች አሰላለፍ ጋር ይቀራረባል። ጽሑፉ እነዚህን አካላት “ቀዝቅዞ የጠጠረ ማግማ” ብሎ ተረጎማቸው፤ ከ7 ኪሎ ሜትር ገደማ በታች ሸለቆውን የሚያሰፋው የማግማ ሰርጎ መግባት ነው ሲልም ተከራከረ። ብዙዎቻችን ተማሪ ሳለን በአእምሯችን የሳልነው ስምጥ ሸለቆ ሁለት ትልልቅ ገደሎች ያሉት፣ መሐሉ የሰመጠ ነገር ነው። ይህ ምስል ዋናው ሥራ ከገደሎቹ ርቆ ወደ መሐል መግባቱን አሳየ።

ድክመቱስ? ምስሉ የቆመ ፎቶ ነው። የሞገድ ፍጥነት ስለ ዓለቱ ዓይነት ይናገራል እንጂ ማግማው መቼ እንደገባ፣ የሚቀጥለውም መቼ እንደሚመጣ አይናገርም። የቀዘቀዘውን ያሳየናል፤ ሰው ከቤቱ የሚያስወጣው ግን ያልቀዘቀዘው ነው። ደራሲዎቹ ከዚህ በላይ አልተናገሩም፤ ይህ ጥንቃቄ ያስመሰግናቸዋል። ፈንታሌ እዚያው ሰንሰለት ላይ ወደ ሰሜን ምሥራቅ ያለ ቀጣይ ክፍል እንደመሆኑ፣ ጽሑፉን ያነበበ ሰው በ2025 የሆነው ነገር በዓይነቱ ሊያስገርመው አይችልም። ቀኑን ግን ከዚያ ማንም ማንበብ አይችልም ነበር።

ከዚያ ኬራነን ወደ ኦክላሆማ ዩኒቨርሲቲ ሄዱ (በኋላ ደግሞ ወደ ኮርኔል)። ኦክላሆማ የነዳጅ አገር ነው እንጂ የመንቀጥቀጥ አገር ተብሎ አይታወቅም ነበር። በኖቬምበር 2011 ግን ፕሬግ በምትባል ትንሽ ከተማ አጠገብ (ስሟ የቼኳ ዋና ከተማ ስም ነው) ማግኒትዩድ 5.0፣ በማግስቱ 5.7፣ ከሁለት ቀን በኋላ እንደገና 5.0 ተመዘገበ። 14 ቤቶች ወደሙ፤ ሁለት ሰዎች ቆሰሉ። የእኛ ዜናዎች እንደለመዱት “በሬክተር ስኬል” ይሉት ነበር፤ አይደለም፣ ዛሬ የምንጠቀምበት ልኬት ሌላ ነው፤ ይህን ክርክር ለሌላ ቀን ላቆየው።

ኬራነንና ባልደረቦቻቸው ፈጥነው መሣሪያ ተከሉ። ኢትዮጵያ ውስጥ ፈንጂ የሠራውን ሥራ እዚህ ተከታዮቹ ትናንሽ መንቀጥቀጦች ሠሩት፤ የየአንዳንዱ ቦታ ሲለይ የተሰበሩት ሦስት ስንጥቆች እንደ ሰሌዳ ጥርት ብለው ወጡ። በ2013 የታተመው ጽሑፍ ዋና ግኝት የመጀመሪያው ስንጥቅ ጫፍ ከነዳጅ ጋር የወጣ ጨዋማ ውሃ መልሶ ከሚረጭባቸው ጉድጓዶች በ200 ሜትር ገደማ ርቀት ላይ መገኘቱ ነው። ውሃው ስንጥቁን ጨምድዶ የያዘውን ጫና ከውስጥ እየገፋ ያላላዋል። ውሃ መርጨቱ የተጀመረው ከ18 ዓመት በፊት ነበር።

እኔ የምቆመው እዚህ ጋ ነው። ቀድሞ ሰው ሠራሽ መንቀጥቀጥን ለመለየት ከምንጠቀምባቸው መስፈርቶች አንዱ ውሃ መርጨቱና መንቀጥቀጡ በጊዜ ተቀራራቢ መሆናቸው ነው። ጽሑፉ ይህን መስፈርት በግልጽ አላላው፤ የአሥርተ ዓመታት መዘግየትም ይቻላል አለ። እሺ፣ ይቻል ይሆናል። ነገር ግን 18 ዓመት ከተፈቀደ፣ በነዳጅ አካባቢ ያለ መንቀጥቀጥ ሁሉ በጉድጓድ ሊሳበብ ነው፤ ሐሳቡን ውድቅ የሚያደርግ ማስረጃ ምን ሊሆን እንደሚችል ከዚያ ጽሑፍ ብቻ አይገኝም። ውሃው የተረጨበት ቦታ በስንጥቆች የታጠረ፣ መውጫ የሌለው ክፍል ነው የሚለው ትርጓሜ ክፍተቱን በከፊል ይሞላል፤ በከፊል ብቻ። የግዛቱ የጂኦሎጂ ተቋም በዚያው 2013 “ነገሩ ከተፈጥሮ መንስኤ ጋር ይበልጥ ይስማማል” ብሎ መግለጫ ማውጣቱ በነዳጅ ኩባንያዎች ፍቅር ብቻ የሚገለጽ አይመስለኝም፤ ቀዳዳው ነበረ።

ኬራነንን ከፍ አድርጌ የማያቸው ቀዳዳውን በክርክር ሳይሆን በሥራ ለመድፈን በመሞከራቸው ነው። በ2014 “ሳይንስ” ላይ የወጣው ጽሑፋቸው ምስል ብቻ ይዞ አልመጣም። ከመሬት በታች ግፊቱ ከጉድጓዶቹ ተነሥቶ እንዴት እንደሚስፋፋ በሞዴል አሰሉ፤ ከዚያ መንቀጥቀጦቹ ያንን ተከትለው ይሄዳሉ ወይ ብለው ጠየቁ። እስከ 35 ኪሎ ሜትር ድረስ ተከትለው ሄደዋል። በሞዴሉ መሠረት መንቀጥቀጥ ለማስነሣት 0.07 ሜጋፓስካል ገደማ የግፊት ጭማሪ ይበቃል፤ የመኪና ጎማ አየር ሲሦ ያህል ማለት ነው። አሁን ሊወድቅ የሚችል ሐሳብ ሆነ ማለት ነው፤ መንቀጥቀጡ ግፊቱ ያልደረሰበት ቦታ ቢገኝ ሞዴሉ ይወድቅ ነበር። ሺዎች ጉድጓዶች ምንም መንቀጥቀጥ ሳያስከትሉ እንደሚሠሩም እዚያው አጭር መግለጫው ላይ ጽፈዋል፤ ጣታቸውን የቀሰሩት በጣም ብዙ ውሃ በሚረጩ አራት ጉድጓዶች ላይ ነው። በ2015 የግዛቱ ተቋም ራሱ አቋሙን ለውጦ፣ አብዛኛው መንቀጥቀጥ ከውሃ መርጨት የመጣ መሆኑ እጅግ የሚመስል ነው አለ። በዚያ ዓመት ኦክላሆማ ውስጥ ማግኒትዩድ 3 እና ከዚያ በላይ የሆኑት ብቻ 900 ገደማ ደርሰው ነበር።

ሁለቱን ሥራዎች ጎን ለጎን ሳነብ የሚገርመኝ፣ እጁ ያው መሆኑ ነው። መሣሪያን ጥቅጥቅ አድርጎ መትከል፣ ሞገዱን በትዕግሥት ማንበብ፣ “ያየነው” እና “የተረጎምነው” የሚሉትን ቃላት አለመቀላቀል። ውጤቱ ግን አንድ አልሆነም። ኦክላሆማ ላይ ስንት በርሜል ውሃ በየትኛው ጉድጓድ እንደገባ ተመዝግቦ ለተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ይደርሳል፤ ተመራማሪዋም ያንን ወስደው በሞዴል ሊፈትኑት ቻሉ። እኛ ጋ የሚቆጠር ጉድጓድ የለም፤ ማግማውን ማንም አይመዘግበውም። የቆመውን ፎቶ ወደሚንቀሳቀስ ምስል የሚለውጠው ዓመቱን ሙሉ የሚሰማ፣ እዚያው ሸለቆው ውስጥ የተተከለ ጥቅጥቅ ያለ መረብ ብቻ ነው። ይህ የኬራነን ጥፋት አይደለም። ነገር ግን የ2004ቱን ጽሑፍ “ስምጥ ሸለቆን የገለጠ” እያልን ስናሞግስ፣ ለመንደሩ ሰው የገለጠለት ነገር ምን እንደሆነ አብሮ መጠየቅ ነበረብን።

በ2025 ማግማው የት እንደደረሰ በዋናነት የታየው በሳተላይት ራዳር ነው። ራዳር መሬቱ የት እንዳበጠ፣ የት እንደሰመጠ በሴንቲ ሜትር ይለካል፤ ሳተላይቱ እስኪመለስ ግን ቀናት ያልፋሉ። በእነዚያ ቀናት መሐል የከሰም ግድብ አካባቢ ሰው “አሁን ወደ እኛ እየመጣ ነው ወይስ እየራቀ?” ብሎ ሲጠይቅ፣ መልሱ ይገኝ የነበረው ከመሬት መሣሪያ ነው። የ2003ቱ 1,000 መሣሪያዎች ፕሮጀክቱ እንዳለቀ ተነቅለው ተመልሰዋል።