ሥዕሉን ሳይሆን ምክንያቱን መመዘን

የአርክቴክቸር ተማሪ የመመረቂያ ሥራ ግድግዳ ላይ ሲሰቀል ዓይንን ቀድሞ የሚይዘው ሬንደሩ፣ ማለትም በኮምፒውተር የተሠራው የሕንፃው ሥዕል ነው። ሰማዩ ጠርቷል፣ መስታወቱ ያንጸባርቃል፣ በደጁ የሚያልፉት ሰዎች ሁሉ ዘንጠዋል። የዛሬ ሶፍትዌር ደካማ ሐሳብንም እንዲህ አድርጎ ስለሚያስጌጥ፣ የሥዕሉ ማማር ስለ ተማሪው የሚነግረን ጥቂት ነው። ሥራውን በእውነት ሊመዝን የሚፈልግ ሰው፣ ጁሪ ላይ የተቀመጠ መምህርም ይሁን ልጁን ሊያበረታታ የመጣ ወላጅ፣ ከሁሉ በፊት የሚጠቅመው አንድ ጥያቄ ነው፦ ለምሳሌ ምዕራብ ጎጃም ውስጥ ቡሬ ላይ የታቀደውን ሕንፃ አንሥተን አዳማ ብናስቀምጠው ምን ይበላሻል? ምንም የማይበላሽ ከሆነ ተማሪው ቅርጽ ሣለ እንጂ ዲዛይን ገና አልጀመረም። ብዙ ነገር የሚበላሽ ከሆነ ግን መስመሮቹ ከቦታው የተነሡ ናቸው። ክርክሬ ይኸው ነው፦ ጥሩ ሥራ የሚታወቀው በምክንያቱ ነው፤ የተማሪ እድገትም የሚለካው ምክንያቱ ከሥራ ወደ ሥራ እየጠለቀ በመሄዱ ነው።

ምዕራብ ጎጃም ለዚህ ፈተና የሚመች አገር ነው፤ ቦታው የሚጠይቀውን ነገር አይደብቅም። ፍኖተ ሰላምና ቡሬ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 10.7 ዲግሪ ገደማ ላይ ይገኛሉ። በዚህም የተነሣ ከሚያዝያ የመጀመሪያ ሳምንታት እስከ ነሐሴ ሁለተኛ አጋማሽ የቀትር ፀሐይ በሰሜን በኩል ታልፋለች፤ በቀረው ዓመት ደግሞ በደቡብ። ከአውሮፓ መጽሐፍ የተቀዳ ዲዛይን ግን ጥላውን ሁሉ በደቡብ ግድግዳ ላይ ይደረድራል፤ ጠዋትና ማታ ዝቅ ብላ የምትገባውንም ፀሐይ ይረሳል። ዝናቡ ከሰኔ እስከ መስከረም አጥብቆ ይጥላል፤ የገጠሩ ጭቃ ቤትም ዕድሜውን የሚጨርሰው ከዚህ ውሃ ጋር ሲታገል ነው። የባሕር ዛፉ ቋሚ ከመሬት ጋር በሚገናኝበት ቦታ ይበሰብሳል ወይም ምስጥ ይበላዋል፤ ጠፈጠፉ መሬት ላይ ነጥሮ የግድግዳውን ግርጌ ያጥባል፤ በጭድ የተቦካው ምርጊትም ይረግፋል። ስለዚህ የሠለጠነ ዓይን ከሬንደሩም ከፕላኑም በፊት ሴክሽኑን፣ ማለትም ሕንፃው ከላይ እስከ ታች ተቆርጦ የሚታይበትን ንድፍ ይፈልጋል። የጣራው ጠርዝ ከግድግዳው ምን ያህል ወጥቷል? ጠፈጠፉ የት ይወድቃል፣ ወደየትስ ይፈሳል? ግርጌው ድንጋይ ነው ወይስ ጭቃው መሬት ነክቷል? ለእነዚህ መልስ የያዘ አንድ ሴክሽን፣ መልስ ከሌላቸው ብዙ ሬንደሮች ይበልጣል።

ሁለት ተማሪዎች ለቡሬ የበርበሬ ገበያ ንደፉ ተባሉ እንበል። አካባቢው በበርበሬው የታወቀ ስለሆነ ርእሱ ለሁለቱም ቅርብ ነው። አንደኛው ጣራውን በበርበሬ ቅርጽ ይሠራና ቀይ ይቀባዋል፤ ኮንሴፕቴ ይህ ነው ይላል። ሁለተኛዋ ደግሞ በርበሬ እርጥበት ካገኘው እንደሚሻግት፣ ሲገለባበጥ ብናኙ እንደሚያስነጥስና እንደሚያስል፣ ገበሬው በአህያና በጋሪ አምጥቶ ነጋዴው በአይሱዙ እንደሚጭነው ትመዘግባለች። ከዚያም ወለሉን ከመሬት ከፍ ታደርጋለች፤ ብናኙ ወደ ገበያው ምግብ ቤቶች እንዳይሄድ የነፋሱን አቅጣጫ አይታ መደቦቹን ታሰናዳለች፤ የጋሪውንና የአይሱዙውን መግቢያ ትለያለች። በአንደኛው ገበያ ነገ ሽንኩርት ቢሸጥ ከቀለሙ በቀር የሚጣላ ነገር የለም። የሁለተኛዋ ግን ከበርበሬው ተለይቶ ሊታሰብ አይችልም። መዛኙ እዚህ ላይ ማቆም የለበትም፤ ምክንያት መደርደር ብቻውን ዲዛይን አይሆንምና። ብስለት የሚታየው አንድ ውሳኔ ብዙ ችግር ሲፈታ ነው። ከፍ ያለው ወለል እርጥበት ከመከላከሉም በላይ ለሻጮቹ መቀመጫ፣ ለጫኞቹም ከአይሱዙው አልጋ ጋር የተስተካከለ መጫኛ ሲሆን፣ ሦስት መስመር የሚፈልገው ነገር በአንድ መስመር ይፈጸማል። ውበት የምንለውም አብዛኛውን ጊዜ ከዚህ ቁጥብነት ይወለዳል።

ቅርጽ ከቦታው ምክንያት ሲወለድ ለማየት ትልቅ ማስረጃ ከቡርኪናፋሶ ይገኛል። አርክቴክቱ ፍራንሲስ ኬሬ የትውልድ መንደሩን የጋንዶን አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የነደፈው በርሊን ገና ተማሪ ሳለ ነው። ሕንፃው እ.ኤ.አ. በ2001 ተጠናቀቀ፤ በ2004 የአጋ ካን የአርክቴክቸር ሽልማትን አገኘ፤ ኬሬም በ2022 ፕሪትዝከር የተባለውን የአርክቴክቸር ሽልማት ተሸለመ። ዕቃው ለእኛ እንግዳ አይደለም፦ አፈርና ቆርቆሮ ነው። ጥበቡ ያለው ቆርቆሮውን ከሸክላው ኮርኒስ በላይ በብረት ከፍ አድርጎ ሙቁ አየር በመካከል እንዲወጣ በማድረጉ ላይ ነው። አንድ ተማሪ ይህን ጣራ ለፍኖተ ሰላም ትምህርት ቤት ቢቀዳው እንዴት እንመዝነው? «ሙቀትን ይከላከላል» ካለ ምክንያቱንም አብሮ ቀድቷል፤ የጋንዶ ሐሩር የጎጃም ደጋና ወይና ደጋ ችግር አይደለም። «ዝናብና በረዶ ቆርቆሮውን ሲመታ የመምህሩ ድምፅ አይሰማም፤ ከባዱ ኮርኒስ ጩኸቱን ይቀንሰዋል» ካለ ግን ያው ቅርጽ የራሱ ሥራ ሆኗል። ከሌላ መማር ነውር አይደለም፤ ነውሩ ምክንያቱን ሳይለውጡ ቅርጹን ማምጣት ነው።

እድገትን ለመመዘን ደግሞ አንድ ሥራ አይበቃም። ጎጃም ይህን ለማወቅ ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም፤ ዋሸራን በመሰሉ የቅኔ ቤቶቹ ሲሠራበት ኖሯል። የቅኔ ተማሪ 2 ቤት ካለው ጉባኤ ቃና ይጀምራል፤ ደረጃ በደረጃ 8 ቤት ወዳለው መወድስ ይወጣል። የሌላውን ቅኔ ማነብነብ አይቈጠርለትም፤ በየጊዜው አዲስ ቈጥሮ ለመምህሩ ይነግራል፣ ይታረማል፣ ተመልሶ ይቈጥራል። መምህሩ የሚያውቀው የዛሬውን ቅኔ ብቻ ሳይሆን ትናንት የታረመው ስሕተት ዛሬ የት እንደደረሰ ነው። የስቱዲዮ ሥራም እንዲሁ ይመዘን። የመጀመሪያ ዓመቱን የእጅ ንድፍ፣ የተጣለውን ሞዴል፣ መምህሩ በቀይ የሰረዘበትን ወረቀት ጠይቁ። አራተኛ ዓመት ላይ ያው ተማሪ ያኔ ያልጠየቀውን ጥያቄ ራሱ እያነሣ ከሆነ አድጓል። እርማቱን ተቀብሎ መስመር ከማዛወር በቀር ሌላ ካልለወጠ ግን እጁ ፈጠነ እንጂ አላደገም።

በዚህ መመዘኛ ላይ ሁለት ብርቱ ተቃውሞዎች ይነሣሉ። የመጀመሪያው፣ ተማሪ የማለም መብት አለው፤ በጠፈጠፍና በምስጥ ብታስሩት ፈጠራው ይሞታል የሚል ነው። ሕልምን አልቃወምም። ነገር ግን ቅኔ በቤትና በዜማ ልክ ታስሮ አልሞተም፤ እንዲያውም ልኩ ያልተጠበቀ መንገድ እንዲፈልግ አስገደደው። ቦታን የማያውቅ ሕልም ደግሞ ብዙ ጊዜ ከመጽሔት የተቀዳ የሌላ ሰው ሕልም ነው። ሁለተኛው ተቃውሞ፣ ቡሬ የአግሮ ኢንዱስትሪ ፓርክ ያላት፣ የምታድግ ከተማ ናት፤ ስለ ጭቃ ማውራት ወደ ኋላ መጎተት ነው የሚል ነው። ፈተናው ግን ስለ ጭቃ አይደለም፤ ስለ ምክንያት ነው። ኮንክሪት ምክንያት ካለው ኮንክሪት ይሁን። ጭቃም ቢሆን የግድ የኋላ ቀርነት ምልክት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1954 የተመሠረተውና ብዙዎች ሕንፃ ኮሌጅ የሚሉት ተቋም ከዙሪኩ ኢቲኤች ዩኒቨርሲቲ ጋር ሆኖ እ.ኤ.አ. በ2010 አዲስ አበባ ላይ ሱዱ የተባለውን፣ ምድርና አንድ ፎቅ ያለውን የሙከራ ቤት ሲሠራ፣ የምድሩን ግድግዳ ከተጠቀጠቀ አፈር፣ የላይኛውን ከተጨመቀ የአፈር ብሎኬት ነው ያቆመው። ያ ሥራ የቀድሞውን ጎጆ አልደገመም፤ አፈርን ለጠበበ የከተማ ቦታ አዲስ ጥያቄ ጠየቀው።

እንግዲህ ከሥራው ፊት የቆመ ሰው ይህን ያድርግ፦ ሬንደሩን አልፎ ሴክሽኑን ያንብብ፤ ሕንፃውን በሐሳቡ ወደ ሌላ ከተማ ያዛውረው፤ የቀድሞ ወረቀቶቹን ይጠይቅ፤ ከዚያ በኋላ ስለ ውበቱ ይናገር። ይህ የምዘና ጉዳይ ብቻ አይደለም። ዛሬ የሚመረቁት ወጣቶች ነገ የፍኖተ ሰላምን ክሊኒክ፣ የቡሬን መናኸሪያ፣ የገጠሩን ትምህርት ቤት የሚነድፉት ናቸው። ተማሪ ደግሞ የሚደነቅለትን ነገር ያበዛል፦ ሥዕል ስናደንቅ ሥዕል ይሰጠናል፣ ምክንያት ስንጠይቅ ሰው በደኅና የሚማርበትና የሚታከምበት ቤት ይሠራልናል።