ኩርባን በነጥብ መያዝ

ኢንክስኬፕን ለመማር የአንድ ድርጅት አርማ መሥራትን የሚያህል መንገድ አላውቅም። ይህ የሥዕል ፕሮግራም በነፃ ይገኛል፤ ከ2003 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የሚያዳብሩትም በአብዛኛው በጎ ፈቃደኞች ናቸው። መሣሪያዎቹን ተራ በተራ ማጥናት ያሰለቻል። አርማ ሲያዝ ግን እያንዳንዱ መሣሪያ የሚፈለግበት ምክንያት ያገኛል።

ከሁሉም የምወደው ብዕሩን ነው። ሁለት ነጥቦች ይተከላሉ፤ ከነጥቦቹ የሚወጡት እጀታዎች ሲሳቡ በመካከል ያለው መስመር ይጎብጣል። ይህን ኩርባ በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የሬኖው መሐንዲስ ፒየር ቤዚዬ ለመኪና አካል ንድፍ አውሎታል፤ የሲትሮየኑ ፖል ደ ካስቴልዦ ደግሞ ቀድሞት ደርሶበት ነበር። ለመኪና ጣሪያ የታሰበ ስሌት ዛሬ የ«ቀ»ን ክብ ሲሥል ማየት እንዴት ደስ ይላል! ያንን ክብ በአራት ነጥብ ብቻ መዝጋት ይቻላል። ጀማሪ ሃያ ይተክልና መስመሩ ይጎረብጥበታል፤ ነጥብ እየቀነሰ ሲሄድ ፊደሉ ይለሰልሳል፣ እጁም አብሮ ይበስላል።

የሚቀመጠው የነጥቦቹ ቦታ በቁጥር ስለሆነ፣ አርማው በቢዝነስ ካርድም በቢልቦርድም ጠርዙ አይደበዝዝም።

እኛ አገር ግን ለአርማ ከባዱ ፈተና ክቡ ማኅተም ይመስለኛል። ቀለሙ አንድ፣ ቦታው ጠባብ ነው፤ ቀጭን መስመር በቀለሙ ይዋጣል። ስለዚህ በጥቁር ብቻ መጀመር ይበጃል። ቅርፆችን ማዋሐድ፣ አንዱን ከሌላው ላይ ቆርጦ ማውጣት በደንብ የሚለመደውም ያኔ ነው።