ስለ «ሥዩም»ና ስለ «እንደራሴ»

የሕገ መንግሥትን ጽሑፍ መመርመር የሕግ ዐዋቂዎች ድርሻ ብቻ መስሎ የሚታያቸው ብዙዎች ናቸው። ነገር ግን ሕግም የሚጻፈው በቃል ስለ ሆነ፣ የቃልን ትውልድና ጠባይ የሚመረምር ሁሉ የሚናገረው አያጣም። እኛም የ1923ቱንና የ1948ቱን ሕገ መንግሥታት በዚህ ዐይን ስንመለከታቸው፣ የዘውድና የምክር ቤት ክርክር በአዳራሽ ከመሰማቱ አስቀድሞ በሁለት ቃላት ውስጥ ተቀምጦ እናገኘዋለን።

ፊተኛው «ሥዩመ እግዚአብሔር» የሚለው ነው። «ሥዩም»፣ «ሹም»ና «ሹመት» ከአንድ ሥር የበቀሉ ናቸው፤ በአገራችንም አስተሳሰብ የሾመ ይሽራል። ንጉሥን የሾመው እግዚአብሔር ከሆነ የሚሽረውም እርሱ ብቻ ነው ማለት ነው። ከጉለሌ በላይ በምትገኘው በእንጦጦ ማርያም ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. ዳግማዊ ምኒልክ በአቡነ ማቴዎስ እጅ ሲቀቡ፣ የሥልጣናቸው ምንጭ ለተመልካቹ ሁሉ ግልጽ ነበረ። በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም የጃፓንን ሕግ አብነት አድርገው ያረቀቁት፣ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴም ሐምሌ 9 ቀን 1923 ዓ.ም. የፈረሙት ሕገ መንግሥት ይህንኑ እምነት በአንቀጽ አጸናው፤ ንጉሡ በዘሩና በተቀባው ቅብዐት ምክንያት የማይደፈር መሆኑን ደነገገ። የ1948ቱም ሕግ ይህንኑ ደገመው።

ሁለተኛው «እንደራሴ» የሚለው ነው። ይህ በንጉሥ አንደበት የተፈጠረ ቃል ነው፤ ንጉሡ «እንደ ራሴ አድርጋችሁ ተመልከቱት» የሚለው ሰው እንደራሴ ይባላል። ራስ ተፈሪ በ1909 ዓ.ም. ባለሙሉ ሥልጣን እንደራሴ የተባሉትም በዚሁ መንገድ ነበር። በ1923ቱ ሕግ፣ ሕዝቡ ራሱ ለመምረጥ እስኪበቃ ድረስ የምክር ቤቱን አባሎች መኳንንትና የአገር ሹማምንት እንዲመርጡ ተወሰነ። በ1948ቱ ሕግ መሠረት ግን ሕዝቡ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲመርጥ፣ ተመራጩ «የሕዝብ እንደራሴ» ተባለ።

እንግዲህ ቃሉ ሳይለወጥ ባለቤቱ ተለወጠ። «እንደ ራሴ» የሚለው ማን ነው? ንጉሡ ነው ወይስ መራጩ? የ1948ቱ ሕግ ለዚህ ጥያቄ ሁለት መልስ ሰጠ። ሕዝቡ ለአራት ዓመት ይመርጣል፤ ንጉሠ ነገሥቱ ግን ምክር ቤቱን ሊበትን ይችላል፤ ያለ እርሱ ፈቃድም ሕግ አይጸናም። ሿሚው ሌላ፣ ሻሪው ሌላ ሆነ። ከዚህም በላይ ተመራጭ ለመሆን የንብረት ባለቤት መሆን ያስፈልግ ስለ ነበረ፣ ጭሰኛው ከመካከሉ አንዱን «እንደ ራሴ» ብሎ ለመላክ መንገዱ ጠባብ ነበር። የባለመሬትና የጭሰኛ ረቂቅ ሕግ በዚያ ምክር ቤት ሳይጸድቅ መቅረቱን የሚያውቅ አንባቢ ይህን አይዘነጋም።

የእንግሊዝ ፓርላማ እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ1642 ንጉሥ ቻርልስን በጦር ሲገጥም፣ በንጉሡ ስም እንደሚዋጋ ይናገር ነበር፤ ይህም ማዕረጉን ከሰውየው ለይቶ ስላየ ነው። በእኛ ሕግ ግን ቅብዐቱ ማዕረጉንና ሰውየውን አንድ አድርጎ ስላሰረ፣ ምክር ቤቱ የሚቆምበት የራሱ መሬት አልነበረውም። ስለዚህ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ደርግ ንጉሡን ከዙፋን ባወረደበት አዋጅ ፓርላማውም አብሮ ተዘጋ። ራስ ሲወድቅ እንደራሴውም ወደቀ።

የ1948ቱ ሕግ ለሕዝብ ያስገኘው መብት የለም አንልም፤ መራጭ የሚባል ዜጋ በአገራችን ወግ ውስጥ የገባው በእርሱ ነው። ነቀፋችን አሮጌውን ቃል ለአዲስ ሥራ ሲያውል ባለቤቱን ሳይለይ በመተዉ ነው። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት «እንደራሴ»ን ትቶ «ተወካይ» የሚለውን ቃል ያዘ፤ መንግሥትና ሃይማኖት የተለያዩ መሆናቸውንም ደነገገ፤ በአንቀጽ 12ም ሕዝቡ እምነት ያጣበትን ተወካይ ከቦታው ማንሣት እንደሚችል ጻፈ። ሿሚና ሻሪ በጽሑፍ ደረጃ አንድ ሆኑ ማለት ነው። ቃል ቢታረም ግን ሥራው በአንድ ጊዜ አይታረምም። ስለዚህ መምህራን ለተማሪዎቻቸው ማንኛውንም የሥልጣን ቃል ሲያስተምሩ ማን ይሾማል፣ ማንስ ይሽራል ብለው እንዲጠይቁ ቢያለማምዷቸው፣ ቋንቋንም ሕግንም ባንድነት ያስተማሩ ይሆናሉ።